የክረምት ዝናብ፣ ልጆችና ዳቦ ቆሎ

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋም የእናቶችና የአያቶች ፈተና ይከፈታል። ልጆቹ በግቢ እንዳይሮጡ ዝናቡ ይከለክላቸዋል፤ በቤት ውስጥ እንዳይሮጡ ደግሞ ከበታች ያለው ጎረቤት ይከለክላቸዋል። ቀድሞ በሰፊ ግቢ እንኖር የነበርን ሰዎች ዛሬ በፎቅ ላይ ስለ ተደራረብን የአንዱ ቤት ወለል የሌላው ቤት ጣራ ሆኗል። እንግዲህ የሚቀረው መጫወቻ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ነው። እነዚህ ሁለቱ ልጅን ዝም በማሰኘት ረገድ ወደር የላቸውም፤ ወጥ ሊያር ሲልም ለአንድ አፍታ ይረዳሉ። ዳሩ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ሁሉ በዚያ መግፋት የሚቻል አይደለም።

የምኖረው በብስራተ ገብርኤል ነው፤ ከሳር ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ ወር በገባ በ19 ቀን መንገዱ በነጭ ነጠላ በሚሞላበት ሰፈር። ልጄ ከሥራ የምትገባው ከመሸ በኋላ ስለሆነ ሁለቱ ልጆቿ ክረምቱን ከእኔ ጋር ይውላሉ። አንዱ የ7 ዓመት ወንድ፣ አንዷ የ4 ዓመት ሴት ናቸው። ስማቸውን በመጽሔት ላይ ማውጣት ስለማልወድ እንደ አገራችን ልማድ ማሙሽና ሚሚ ልበላቸው። አባታቸው ለሥራ ወደ ውጭ አገር ከሄደ 2 ዓመት ሆኖታል፤ እሑድ እሑድ በስልክ ይደውላል። ሚሚ ስልኩን ከያዘች አትለቅም፤ ስለ ድመቷም፣ ስለ ጫማዋም፣ ስላላየችውም ነገር ሁሉ ታወራለታለች። ማሙሽ ግን ስልኩ ሲሰጠው «ደኅና ነኝ» ይልና መልሶ ያቀብለኛል። በሐምሌ መጨረሻ አንድ እሑድ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ «ለአባባ ለምን ጨዋታ አትነግረውም?» ብለው «ምን ብዬ ልንገረው እማማ? ምንም አላደረግሁም እኮ» አለኝ።

ነገሩን ሳስበው ልጁ እውነቱን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተቀመጠው ከመስተዋት ፊት ነው፤ ያየው ነገር ሁሉ ሌሎች ሰዎች ያደረጉት ነው። ለአባቱ የሚያወራው፣ የእኔ ነው የሚለው አንዳች ነገር አልነበረውም። አንደበቱ የሚፈታው እጁ ሥራ ሲያገኝ ይሆናል ብዬ፣ ፆመ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ፣ ነሐሴ 2 ቀን፣ ሁለቱንም ይዤ ወደ ማጀት ገባሁ።

ከልጆች ጋር ስለ መጋገር የሚያስተምሩት የውጭ አገር መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ከእንቁላልና ከቅቤ ይጀምራሉ። ፍልሰታ ደግሞ የልጆች ፆም ነው፤ ሌላውን ፆም ገና ያልለመደ ልጅ እንኳ ይህን 15 ቀን ከታላላቆቹ ጋር ልፁም ብሎ ያለቅሳል። ስለዚህ ኬክና ብስኩት ለሌላ ጊዜ ይቆይ። እንቁላልም፣ ቅቤም፣ ወተትም፣ እርሾም የማይጠይቅ አንድ የራሳችን ባልትና አለ፤ እርሱም ዳቦ ቆሎ ነው። ከበሶና ከጭኮ ጋር የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ የኖረ ነው። ለብዙ ሳምንት ሳይበላሽ የሚቆየውም እሳቱ ውሃውን ስለሚያወጣው ነው፤ ሻጋታ ያለ እርጥበት አይኖርምና።

መጠኑን ለሚፈልጉ እመቤቶች እነሆ። 4 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 1 ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ። የሚያቃጥል የሚወድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ይጨምር፤ ለልጆች ግን ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ ይሻላል። በመጀመሪያ ደረቁ ይደባለቃል፤ ቀጥሎ ዘይቱ በዱቄቱ ላይ ይፈስና በመዳፍና በመዳፍ መካከል ይታሻል፤ ውሃው በመጨረሻ ጥቂት በጥቂት ይገባል። ሊጡ ጠንከር ማለት አለበት፤ እንደ ዳቦ ሊጥ ከለሰለሰ ሲቆረጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከታሸ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ 15 ደቂቃ ይረፍ። ከዚያ በኋላ በልጅ ትንሽ ጣት ውፍረት እንደ ገመድ እየተድበለበለ ይረዝማል፤ ሽምብራ በሚያህል መጠንም ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ነው ልጆች የሚገቡት። የ4 ዓመት ልጅ ማድበልበል ትችላለች፤ ማንኪያ መቁጠርም ትችላለች፤ ሚሚ ስኳሩን ስትቆጥር ከሦስት ቀጥላ አምስት ስለምትል አጠገቧ መቆም ያስፈልጋል። የ7 ዓመት ልጅ በብርጭቆ መለካትና በማይሳል ቢላዋ መቁረጥ ይችላል። ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ ማንጠፍ ብልኅነት ነው፤ ዱቄት መበተኑ አይቀርምና። አንድ ሕግ ብቻ አወጣሁ፤ ሊጡ የእናንተ፣ እሳቱ የእኔ። ምጣዱ ከተጣደ በኋላ ማንም ልጅ ከማጀቱ ደፍ ወዲህ አያልፍም።

ዳቦ ቆሎ በደረቅ ምጣድ፣ በመካከለኛ እሳት፣ በእንጨት ማንኪያ ሳያቋርጡ እያገላበጡ እስኪቀላ ድረስ ይታመሳል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ምድጃ ያላት እመቤት በ180 ዲግሪ 25 ደቂቃ ያህል ትጋግረውና መካከል ላይ ሁለት ጊዜ ትወዝውዘው። ዛሬ ብዙ ሰው በዘይት መጥበስ ይወዳል። በዘይት የተጠበሰው ሲነክሱት ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ይሻግታል ባይባልም ዘይቱ ውሎ አድሮ ይከረፋል፤ ለስንቅ የምመርጠው የታመሰውን ነው። ደግሞም የፈላ ዘይትና ልጆች በአንድ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ልቤ አያርፍም።

የመጀመሪያው ምጣድ ሲወጣ ማሙሽ ገረመው። አንዳንዱ አሯል፤ አንዳንዱ ውስጡ ሊጥ ነው። አንዱን ሰብሮ አየ፤ ሌላውንም ሰብሮ አየ። ከዚያ በኋላ ሰፌድ ስጪኝ ብሎ የቀረውን ሊጥ ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ መለየት ጀመረ። «ይኼ ቶሎ ይበስላል፤ ይኼ ይቆያል፤ አብረው አይሂዱ» አለኝ። እኔ ያንን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።

በዚህ መካከል ከፊት ለፊት በር የሚኖሩት ጎረቤቴ ሽታው ስቧቸው ገቡ። ማሙሽ እጁን እስከ ክርኑ በዱቄት ነክሮ ቢያዩት ጊዜ፣ «ኧረ ምነው እትዬ! ወንዱን ልጅ ማጀት ከተው ሴታ ሴት ሊያደርጉት ነው እንዴ?» አሉኝ። ልጁ እጁን ከሊጡ አወጣ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተናገሩት እርሳቸውም እኔም ያደግንበትን ነገር ነው። እኔም በልጅነቴ ወንድሞቼ ከማጀት ሲባረሩ አይቻለሁ። ቢሆንም የልጁ እጅ ከሊጡ ሲወጣ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «እትዬ፣» አልኳቸው፣ «እርስዎ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። በቤተ ልሔም ገብቶ የቅዳሴውን ኅብስት የሚጋግረው ማነው?» ጥቂት አሰቡና «ዲያቆናቱ ናቸው» አሉ። «እንግዲያውስ ከዚያ የከበረ ዳቦ የለም፤ የሚጋግሩትም ወንዶች ናቸው» አልኳቸው። የከተማውን ዳቦ ቤቶች ብጨምርላቸውም ኖሮ ምስክር አላጣም ነበር፤ በሌሊት ተነሥተው ሊጥ የሚያቦኩት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ጎረቤቴ መልስ አልሰጡኝም፤ ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ዘግነው ቀመሱና «ጨው አንሶታል» ብለው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት የራሳቸውን የልጅ ልጅ ከ1 ኪሎ ዱቄት ጋር ላኩልኝ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

ልጅን በእጁ ሥራ ማስተማር አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አይደለም። ፍሪድሪኽ ፍሬብል የሚባለው ጀርመናዊ በ1837 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሕፃናት ተቋሙን ሲጀምር፣ ኋላም «የልጆች አትክልት ቦታ» ብሎ ሲሰይመው፣ ልጆቹን ያስተምራቸው የነበረው ጭቃ በመቅረጽ፣ ወረቀት በማጠፍና በመፈተል በመሸመን ነበር። ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው ጣሊያናዊት ሐኪምም በ1907 በሮማ ከተማ በድኾች ሰፈር ቤቷን ስትከፍት ለልጆቹ ያቀረበችላቸው የይምሰል መጫወቻ ሳይሆን እውነተኛ የቤት ሥራ ነበር፤ ማጠብ፣ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፣ ማዕድ ማቅረብ። የእኛ አገር እረኛ ግን ፍሬብልንም ሞንቴሶሪንም ሳይሰማ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ በሬ ሲሠራ፣ ከበቆሎ አገዳ መነጽር ሲቀጥል፣ ከጨርቅ ኳስ ሲጠቀልል ኖሯል።

ስለ ጭቃ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። በየመጻሕፍቱ ለልጆች መጫወቻ እንዲሆን 2 እጅ ዱቄትና 1 እጅ ጨው በውሃ አቡክታችሁ ቅርጽ አስወጧቸው የሚል ምክር አለ። ሥራው ቀላል ነው፤ ሲደርቅም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እኔ ግን በቤቴ አላደርገውም። እህል ሲወድቅ አንሥቶ መሳም በተማረ አገር፣ ዱቄት ውድ በሆነበት ዘመን፣ በእህል መጫወትን ለልጅ ማስተማር አይዋጥልኝም። ጭቃ እያለ ምን ቸገረን? በክረምት አዲስ አበባ ከምንም ይልቅ የሚተርፋት ጭቃ ነው። ከግቢው ጥግ ጥቁሩን አፈር አምጥተን፣ ጠጠሩን ለቅመን፣ በእጅ አሽተን ላሞችና ጀበና ሠራን። አፈሩ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጥቂት የጭድ ብናኝ ይገባበታል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ዛሬም 11 ላሞች ተሰልፈዋል፤ ከእነርሱ 4ቱ ቀንድ የላቸውም፤ ሚሚ ጥጆች ናቸው ብላለች።

ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ሙልሙል መጋገር ነበረብን። የከተማ ልጅ ዳቦን የሚያውቀው ከሱቅ ነው። በተለይ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሸገር ዳቦ ፋብሪካ ከተመረቀ ወዲህ ሚሚ ዳቦ የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚያ የሚወጣ ነው የሚመስላት። በጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ከሆነው ቃል «ፉርኖ» የሚለውን ስም የወረሰው ነጭ ዱቄት የሚገኘው ከማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ከስንዴ ነው ብላት አላመነችኝም። እርሾ ደግሞ ለልጅ ከተረት ይበልጣል። ጥርጣሬያቸውን ለማስወገድ አንድ ጨዋታ አሳየኋቸው፤ በትንሽ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾና 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሬ በአፉ ላይ ፊኛ አጠለቅሁበት። ጠርሙሱ ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ከቆየ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፊኛው ቀና አለ፤ ቀጥሎም ተነፋ። እርሾው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ ስኳሩን በልቶ የሚተነፍሰው አየርም ዳቦውን የሚነፋው መሆኑን ከዚህ በተሻለ ማስረዳት አልችልም። ማሙሽ «ታዲያ ስንጋግረው ይሞታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይሞታል አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ግን ዳቦው እንደተነፋ ይቀራል» አለ።

የሙልሙሉ ሊጥ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ደረቅ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት ጥቁር አዝሙድና 1 ብርጭቆ ከሩብ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ነው። ቡሄ በፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ወተትና እንቁላል አይገባበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ሙቀት ያገኘ ሊጥም ከቆላ አገር ይልቅ ቶሎ ይነፋል። ነገር ግን የነሐሴ ብርድ መልሶ ያዘገየዋልና ሊጡን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ሁለት ሰዓት ቆየን። ሙልሙል ሾጠጥ ብሎ ረዘም ያለ ስለሆነ ለልጅ እጅ የተሠራ ይመስላል። ድፎ ዳቦ ኮባ ማንጠፍ፣ ከላይና ከታች እሳት ማድረግ፣ ሰዓቱን መጠበቅ ያስፈልገዋል፤ እርሱ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ሙልሙል ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጠቅልሎ፣ የራሱን ምልክት አድርጎበት፣ የራሱን ሊበላ ይችላል።

ጅራፉን ያስተማረው የግቢያችን ጥበቃ ነው። የገጠር ልጅ ስለሆነ ቃጫውን በውሃ አርሶ፣ ሦስት አድርጎ፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን እየጎነጎነ ማሙሽን አጠገቡ አስቀምጦ አሠራው። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ይኸውም በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ከሚሆነው፣ በላይ ሲወነጨፍ ነው፤ መሬት ስለ ነካ አይደለም። ይህን ለማሙሽ ብነግረው ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ሰው በግቢው ውስጥ ጆሮውን ማሳረፍ አልቻለም። በቡሄ ዋዜማ «ሆያ ሆዬ» የሚጨፍሩት ልጆች መጡ። ዛሬ ብዙ ቤት የሚሰጣቸው ብር ነው፤ እኛ ሙልሙል ሰጠናቸው። ሁለቱ አመስግነው እዚያው ገመጡት፤ አንደኛው ግን ሙልሙሉን በብብቱ ይዞ ብሩን ደግሞ ሲጠብቅ ቆመ። ማሙሽ «እኔ ነኝ የጋገርኩት» ቢለው ጊዜ ልጁ ዳቦውን እንደገና አገላብጦ አየና ሄደ።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ዘመድ አባታቸው ወዳለበት አገር የሚሄድ ስለ ነበረ በርበሬና ሽሮ ስናዘጋጅ የልጆቹንም ዳቦ ቆሎ ጨመርን። እኔ ቆንጆ ቆንጆውን መርጬ ስከት ማሙሽ እጄን ያዘኝ። «ያረረውም ይግባ» አለ። ለምን ብለው «የመጀመሪያውን እንዲያየው፤ ከዚያ የኋለኛውን ሲበላ ያውቀዋል» አለኝ። ስለዚህ ሁለት ከረጢት ሆነ፤ በአንዱ ላይ 1፣ በሌላው ላይ 2 ተብሎ ተጻፈ። ሚሚ በሁለቱም ላይ ላም ሣለችበት።

ከፆሙ ፍቺ በኋላ በነበረው እሑድ ስልኩ ተደወለ። ማሙሽ ተራውን ሳይጠብቅ ቀማ። «አንደኛውን ከረጢት አየኸው? እሱ ያረረው ነው፤ ትልቅና ትንሽ አብሬ አስገብቼ ነው፤ ሽምብራ ነው ማከል ያለበት» እያለ አባቱን ያስተምረው ጀመር። ስለ ጎረቤታችን ጨው አንሶታል ማለትም፣ ስለ ፊኛውም፣ ስለ ጅራፉም ነገረው። አባቱ «እዚህ ብቻዬን ስለሆንኩ እኔም ልሞክረው፤ መጠኑን ንገረኝ» ቢለው ሁሉንም በቃሉ ዘረዘረለት፤ ከውሃው በቀር ትክክል ነበር፤ ውሃውን ከጀርባው ሆኜ አረምኩት። ሚሚ ተራዬ ደረሰ እያለች እስክታለቅስ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል አወሩ። ልጄ በበሩ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ምንም ሳትናገር ቡና ልታፈላ ገባች።

አሁን ጳጉሜን እየገባች ነው። ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ በየቤቱ ይዘውት የሚዞሩት የአበባ ሥዕል ታትሞ በየመንገዱ ይሸጣል፤ እኛ ግን በእጅ እንሥላለን ተባብለናል። ለሚሚ ደግሞ እንግጫ መጎንጎን ላሳያት አስቤ ሳሩን ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ሳር ቤት በሚባል ሰፈር አጠገብ እየኖርን አንድ እፍኝ ሳር የተገኘው ከብዙ ልመና በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። እንግጫ ባይሆንም ለመጎንጎን ይበቃል። ቀለሙን ነገ እንገዛለን። ጎረቤቴም የልጅ ልጃቸውን እንደሚልኩት ነግረውኛል፤ ሚሚ ግን ፀሐይዋን በአረንጓዴ ካልቀባሁ ብላ ከሁለቱም ወንዶች ጋር ከአሁኑ ተጣልታለች።